ስም ያልወጣለት ደንበኛ

አማርኛችን ለአንዲት ሴት ስም ሲያወጣ ሰስቶ አያውቅም። ጋለሞታ ይላታል፤ ኮማሪት ይላታል፤ ሴተኛ አዳሪ፣ የቡና ቤት ሴት፣ የመንገድ ዳር ሴት ይላታል፤ ሲቆጣ ደግሞ እዚህ ልጽፈው የማልፈልገውን ይላታል። ቢሮ ሲገባም ስም አይቸግረውም፤ «ለከፍተኛ ተጋላጭነት የተዳረገች የኅብረተሰብ ክፍል» ብሎ በሪፖርት ገጽ ላይ ያሰፍራታል። ገንዘብ ይዞ ወደ እርሷ ቤት የሚገባውን ወንድ ግን ምን ብለን እንጠራዋለን? ዘማዊ እንዳንለው ቃሉ ለወንዱም ለሴቷም እኩል የተሰጠ ነው፤ ሴሰኛ እንዳንለው ሴሰኝነት ያለ ክፍያም ይሆናል። ለገዢነቱ፣ ለከፋይነቱ የወጣለት የራሱ ስም የለም። የቀረለት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ደንበኛ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። «ውድ ደንበኛችን» የሚለው ቃል በቀን ስንት ጊዜ ከአፌ እንደሚወጣ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ደንበኛ የተከበረ ቃል ነው። ወንበር ይሳብለታል፤ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ተብሎ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍለታል። ከዚያም አልፎ ቃሉ «ትክክለኛ፣ እንደ ደንቡ የሆነ» ማለትም ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ አልጋ ላይ፣ አንድ ድርጊት ከሚፈጽሙት ሁለት ሰዎች አንዷን ከደንብ ውጪ የሚያደርግ ስም ስንሰጣት፣ ሌላውን ደንበኛ አልነው።

ክርክሬን ከቃል የጀመርኩት ለዚህ ነው። ስም የሌለው ሰው አይወቀስም፤ አይመከርም፤ አይመረመርም። ጫትና መጠጥ፣ የወሲብ ንግድና ኤች አይ ቪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በተነሡ ቁጥር ጣታችን የሚቀሰረው ወደ ሴቲቱ ነው። ምክሩም፣ ምርመራውም፣ ስድቡም ለእርሷ ነው። የእኔ አቋም ግን ይህ ነው፤ ገበያውን የሚያቆመው የከፋዩ ገንዘብ ነው፤ መጠጡ የሚቀዳው በከፋዩ ሂሳብ ነው፤ ኮንዶሙ የሚጠለቀውም የሚወልቀውም በአብዛኛው በከፋዩ ፈቃድ ነው። ከፋዩን ሳንነካ በሽታውን እንገታለን ማለት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው።

እስቲ ወደ መዝገቡ እንሂድ። ቫይረሱ በአገራችን መኖሩ በደም ናሙና የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት ደግሞ በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ ወረርሽኙ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ ለማወቅ የማን ደም ተመረመረ? ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ግምት የቆመው በዋናነት በነፍሰ ጡር እናቶች ደም ላይ ነበር፤ ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ተቋም ከመጡ ሴቶች የተወሰደው ናሙና ስማቸው ሳይጠቀስ ይመረመር ነበርና። ከእነርሱ ጎን ደግሞ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች ደም ነበር። በአዲስ አበባ በእነዚህ ሴቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከተመረመሩት ውስጥ ከመቶ 73 በሚበልጡት ላይ ቫይረሱን አግኝቷል። ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት። ከአራቱ ወደ ሦስቱ የሚጠጉ ማለት ነው።

አገራችን ስለ ወረርሽኙ ያላት ትውስታ እንግዲህ በሁለት ሴቶች ክንድ የተቀዳ ነው፤ በእናቲቱና በሴተኛ አዳሪዋ። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ማን ነው? ማታ ከአንደኛዋ ቤት ወጥቶ ሌሊት ወደ ሁለተኛዋ ቤት የሚገባው ማን ነው? ድልድዩ እንደ ጠፋ ሰው ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በጥናት ከተፈለጉት ወንዶች መካከል የከባድ መኪና ሾፌሮች ይገኛሉ፤ ከእነርሱ በኋላ በሕዝብ አእምሮ ውስጥ የቀረው ሥዕልም የሾፌሩ ሆነ። ባለ ክራባቱ ግን በሥዕሉ ውስጥ አልገባም። ወንዶችም ከሴቶች ጋር በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደማቸው የተመረመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ያውም ቫይረሱ ከታወቀ ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ። በዚያ ጥናት ውስጥ ወንዱ ለወሲብ ከፍሎ እንደሆነ ይጠየቃል። በገዛ ቤቱ ሳሎን፣ ሚስቱ ጓዳ እያለች፣ ለማያውቀው ጠያቂ ምን ብሎ ይመልሳል? መልሱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል፤ ይህንን መካድ ለብዙ ሰዎች ድካም ውለታ ቢስ መሆን ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። በመላው አገሪቱ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል ቫይረሱ በደማቸው ያለው ከመቶ 0.9 መሆኑን እ.ኤ.አ. የ2016ቱ ጥናት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በተጠናቀቀውና በየከተማው በወሲብ ንግድ በሚተዳደሩ ሴቶች ላይ በተካሄደው ጥናት ግን የተገኘው 18.7 ከመቶ ነው። ከ73 ወደ 18.7 መውረድ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ከአጠቃላዩ ሕዝብ ጋር ሲተያይ ዛሬም ሃያ እጥፍ ነው።

ይህንን ቁጥር ይዞ የሚነሣ ሰባኪ አይጠፋም። «አያችሁ፣ ምንጩ ከዚያ ነው» ይላል። አሳዛኙ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ቫይረስ ከግድግዳ አይበቅልም፤ ከቀይ አምፖልም አይንጠባጠብም። አንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከገጠር መጥታ አንድ ቡና ቤት ስትቀጠር ቫይረሱን በሻንጣዋ ይዛ አልመጣችም። በደሟ የተገኘው ሁሉ በአብዛኛው ከፍሎ የገባ ሰው ያመጣው ነው። እርግጥ ነው፣ ከእርሷም ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ቫይረስ አቅጣጫ አይመርጥም። ነገር ግን 18.7 ከመቶ የሚለው ቁጥር የእርሷን ጥፋት የሚለካ ሳይሆን፣ ወደ እርሷ የመጣውን የሚለካ ነው። ሰባኪው ዘወር አድርጎ ቢያነበው የወንዶቹን ሪፖርት ካርድ ያገኝበት ነበር።

አሁን ወደ ጫቱና ወደ መጠጡ ልምጣ። እዚህ ላይ በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። ጫት በአገራችን አንድ ነገር አይደለም። በሐረር፣ በወሎ፣ በሌሎችም አካባቢዎች ከዱዓና ከዚክር፣ ከምክክርና ከሽምግልና ጋር ለዘመናት አብሮ የኖረ ቅጠል ነው። የእርሻው ገቢ ስንት ቤተሰብ እንደሚያኖር፣ ለአገሪቱም የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙት ምርቶች አንዱ መሆኑን የማያውቅ የለም። የእኔ ጠብ ከሽማግሌው ጫት ጋር አይደለም። ጠቤ ከአንድ የከተማ ልማድ ጋር ነው፤ ያ ልማድ ደግሞ የታወቀ ቅደም ተከተል አለው።

ከምሳ በኋላ በርጫ ቤት ይገባል። ሺሻው ይለኮሳል፤ ኦቾሎኒው፣ ለስላሳው ይቀርባል። ወደ አሥር ሰዓት ምርቃናው ይመጣል፤ ሁሉም ፈላስፋ፣ ሁሉም ባለ ሀብት፣ ሁሉም አፍቃሪ ይሆናል። ሲመሽ ምርቃናው ያስጨንቃል፤ አፍ ይደርቃል፤ እንቅልፍ ይርቃል፤ ሐሳብ ያለ ማቆሚያ ይሮጣል። ያን ጊዜ መፍትሔ ተብሎ የሚታሰበው ጨብሲ ነው፤ ማለትም ምርቃናውን በመጠጥ መስበር። አነቃቂው ገና በደም ውስጥ ሳለ አደንዛዡ ይጨመርበታል። ቅጠሉ ያነቃዋል፤ ቢራውና አረቄው ልጓሙን ይፈቱለታል። ሰውየው የሰከረ አይመስለውም፤ ነቅቻለሁ ይላልና። ከቡና ቤቱ ወደ አልጋ ክፍሉ ያለው መንገድ ደግሞ አጭር ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ ከ20,000 በላይ የኢትዮጵያ ወጣቶችን ያካተተ የእነ ደረጀ ከበደና አታላይ ዓለም ጥናት አለ። በየቀኑ ጫት በሚቅሙት ዘንድ ጥንቃቄ የጎደለው ወሲብ የመፈጸም ዕድሉ ከማይቅሙት ከሁለት እጥፍ በላይ፣ በየቀኑ አልኮል በሚጠጡት ዘንድ ደግሞ ከማይጠጡት ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። መጠጡ በጨመረ መጠን አደጋውም በዚያው ልክ ይጨምር ነበር። ጥናቱ «ተያይዘው ይገኛሉ» አለ እንጂ «አንዱ ሌላውን ወለደ» አላለም፤ የሚቅመው ወጣት ከመጀመሪያውም ለሌላው አደጋ የቀረበ ሊሆን ይችላልና። ቢሆንም አንድ ነገር ያስተውሏል፤ በዚህ አገር ብዙ የሚወገዘው ቅጠሉ ሲሆን፣ ከፍ ያለው ቁጥር የመጠጡ ነው። ጫት ቤቱን የሚረግመው አፍ ቢራውን ጨብጦ ነው የሚረግመው።

«እርሷስ አትጠጣም? እርሷስ አትቅምም?» የሚል ጠያቂ እንዳለ አውቃለሁ። አዎን፣ ትጠጣለች፤ ብዙዎቹም ይቅማሉ። ግን ለምን እንደሆነ ሂሳቡን እንሥራው። የቡና ቤቱ ባለቤት የሚያተርፈው በዋናነት ከመጠጥ ነው። ሴቲቱ «ጋብዘኝ» ካላለች፣ ከእንግዳው ጋር ብርጭቆ ለብርጭቆ ካልተካከለች፣ ነገ በዚያ ወንበር ላይ ሌላ ልጅ ትቀመጣለች። ሾርት ይሁን አዳር፣ ከሚከፈላት ላይ የአልጋ ኪራይ ይቀነሳል። ብርዱ አለ፤ ፍርሃቱ አለ፤ የማታውቀውን ሰው ገላ መቻል አለ፤ እስከ ንጋት ነቅቶ መቆየትም አለ። ለእርሱ መዝናኛ የሆነው ብርጭቆ ለእርሷ የሥራ መሣሪያ ነው። ሁለቱን «ሱሰኞች» ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ የሂሳብ አያያዝ ስሕተት ነው፤ አንዱ ወጪ፣ ሌላው ገቢ ናቸውና።

ከዚያ የኮንዶሙ ሰዓት ይደርሳል። «ታቀቡ፣ አንድ ለአንድ ተወሰኑ፣ ካልሆነ ኮንዶም ተጠቀሙ» የሚለውን መፈክር ሰምተን አድገናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት እርሷ ዘንድ መውሰድ ቀልድ ነው። ሦስተኛው ቃል ይቀራል፤ ኮንዶም ተጠቀሚ። ዳሩ ግን በየኪዮስኩ የሚሸጠውን ኮንዶም የሚጠቀመው ማን ነው? እርሷ ልትገዛው፣ በቦርሳዋ ልትይዘው፣ ልትለምንበት፣ ልትቆጣበት ትችላለች። ሰውየው «ጨምሬ ልክፈልሽ» ሲል ግን መፈክሩ አብሯት አይቆምም። የቤት ኪራይ ቀን ደርሷል፤ ልጅ አያቷ ዘንድ ገንዘብ ትጠብቃለች። እርሱ ሰክሯል፤ ጉልበት አለው፤ በሩ ተዘግቷል። መሐል ላይ ቢያወልቀውስ? ማን ዘንድ ሄዳ ትከሰዋለች? «ደንበኛዬ ውሉን አፈረሰ» ብላ የምትከስበት ችሎት የት አለ?

ያ ተጨማሪ ብር ምን እንደሆነ በግልጽ እንናገር። ሰውየው የገዛው ደስታ ብቻ አይደለም፤ የእርሷን ዕድሜ፣ የሚስቱን ዕድሜ፣ ገና ያልተወለደውን ልጅ ጤና በጥቂት ብር አስይዞ ተበድሯል። በእኛ መሥሪያ ቤት ማንም ያለ ባለቤቱ ፊርማ የሰውን ንብረት አስይዞ ሊበደር አይችልም። እርሱ ግን ሚስቱን ሳያስፈርም አስይዟታል።

ሚስቲቱስ? አንድ ቀን ታረግዝና ለክትትል ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። እዚያ ትመረመራለች። ውጤቱ ቫይረሱ አለ ቢል በቤቱ ውስጥ መጀመሪያ ያወቀች እርሷ ትሆናለች፤ መጀመሪያ ያወቀ ደግሞ መጀመሪያ ይጠረጠራል። «ከየት አመጣሽብኝ?» የሚባለው ለእርሷ ነው። ለልጇ ስትል ደሟን ሰጠች፤ ለዚያ ታማኝነቷ ክሱን ተቀበለች። እርሱ ሳይመረመር ከሳሽ ሆነ። ከሁለት ሴቶች አንዷ በሥራዋ፣ አንዷ በእናትነቷ ተመርምረዋል፤ መካከል ያለው ሰው ዛሬም ሥራ በዝቶበት አልተመቸውም።

«ሕጉ ይከልክል፤ ቤቶቹ ይዘጉ፤ ይፍረሱ» የሚሉም አሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ገላዋን ለምትሸጠው ሴት በዚህ ብቻ ቅጣት አልደነገገም፤ የሚቀጣው በሌላው ሰው ዝሙት መተዳደሪያ ያደረገውን፣ አቃጣሪውንና ደላላውን ነው። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። በተግባር ግን ወረራ በተደረገ ቁጥር በየዜናው የምናየው የተደረደሩ የሺሻ ዕቃዎችንና ፊታቸውን የሸፈኑ ልጃገረዶችን ነው። ደላላው በዜናው ውስጥ የለም፤ ደንበኛው ደግሞ ካሜራው ሳይደርስ ሂሳብ ዘግቶ ወጥቷል። ስለ ማፍረስም ከተነሣ፣ በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ በ2017 የካዛንቺስ ሰፈር ተነሣ። ቤት ሲፈርስ ግን ፍላጎት አብሮ አይፈርስም፤ ችግርም አይፈርስም። የሚፈርሰው በዚያ ሰፈር የምትታወቀው የጤና ባለሙያ ካርድ ነው፤ መድኃኒቷን የምትወስድበት ጤና ጣቢያ ቅርበት ነው፤ «እገሊት ዛሬ አልታየችም» የሚል ጎረቤት ነው።

ስለ ሥነ ጽሑፋችንም አንድ ነገር ካላልኩ ይህ ገጽ ይታዘበኛል። የከተማ ልቦለዳችን ገና በልጅነቱ ነበር ወደ እርሷ ቤት የገባው። «ሴተኛ አዳሪ» የተሰኘው ልቦለድ እናኑ አጎናፍር በሚል የሴት ስም ወጣ፤ ደራሲው ግን ነጋሽ ገብረ ማርያም፣ ወንድ ነበሩ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርም በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሌሊት ከነገመናው ጻፈው። ድፍረታቸውን አከብራለሁ። ከእነርሱ በኋላ የመጣው የግጥም ሠራዊት ግን በእርሷ እንባ ላይ ሠፈረ። የከንፈሯ ቀለም፣ የአምፖሏ ቅላት፣ የእናቷ ናፍቆት፣ «ነጋዴዋ እህቴ» ወዘተ. በየመድረኩ ተነበበ፤ ተጨበጨበ። ስለ እርሷ ያልተገጠመ ምን ቀረ? ስለ እርሱስ ማን ገጠመ? ጋብቻ ቀለበቱን ወደ ኪሱ ስለሚከተው፣ ለልጁ ዳይፐር የያዘውን ብር ስለሚመነዝረው፣ ንጋት ላይ ሽቶ ስለሚረጨው ሰው የተጻፈው ግጥም የት አለ? ለእርሷ ማልቀስ ቀላል ነው፤ እንባው ማንንም አይከስስምና። ስለ እርሱ መጻፍ ግን አጠገብ ከተቀመጠው ጓደኛ ጋር ያጣላል።

ይህ ሰው ደግሞ ከሩቅ አይመጣም። ደመወዝ ያለው፣ የመስክ አበል የሚፈርም፣ «ዎርክሾፕ» ብሎ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ የሚጓዝ ሰው ነው። በቀን ስለ ሥርዓተ ጾታና ስለ ኤች አይ ቪ የተዘጋጀውን ሥልጠና በጥሞና ይከታተላል፤ ማስታወሻ ይይዛል፤ በሻይ ሰዓት ይወያያል። ሲመሽ አበሉ በእጁ ነው፤ ሆቴሉ ከቤቱ ሩቅ ነው። ስልጠናው ስለ «ተጋላጮች» ስለነበር እርሱን የሚመለከት አልመሰለውም።

ይህ ሁሉ ዛሬ የሚያስቸኩል ምክንያት አለው። በእነዚህ ሴቶች ዙሪያ የተሠራው የመከላከል ሥራ፣ ክሊኒኩም፣ አቻ ለአቻ ትምህርቱም፣ ምርመራውም፣ በብዙ መልኩ በአሜሪካ እርዳታ የቆመ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ያ እርዳታ በአንድ ፊርማ ሲታገድ በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ መወሰኑ ተዘገበ። የሰው ገንዘብ የሰው ነው። አሁን ጥያቄው ግልጽ ነው፤ የዚህ ገበያ ኪሳራ በማን ይሸፈን? መንግሥት ከቢራውም ከጫቱም ኤክሳይዝ ታክስ ይሰበስባል። የመጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ሲከለከል፣ የመሸጫ ዕድሜም 21 ሲደረግ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ግን ግማሽ እርምጃ ነው። ከብርጭቆው የሚሰበሰበው ታክስ ከብርጭቆው ለሚመጣው ጉዳት ተለይቶ ይዋል። ይህ ምጽዋት ሳይሆን ሂሳብ ማወራረድ ነው።

ምን ይደረግ? ወንዱ በየሥራ ቦታው ይመርመር፤ ምርመራው በፈቃዱ፣ ምሥጢሩም ተጠብቆ ይሁን፤ ግን የወር ደመወዝ እንደሚከፈልበት መደርደሪያ ቅርብ ይሁንለት። ቫይረሱ ቢገኝበት መድኃኒቱን በሥርዓት ወስዶ መጠኑ በምርመራ እስከማይታይ ከወረደ በግብረ ሥጋ ወደ ሌላ ሰው እንደማያስተላልፍ ይነገረው፤ ፍርሃቱን የሚሰብረው ይህ እውነት ነው። ያለ ጥንቃቄ ያደረ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ቢደርስ ቫይረሱን አስቀድሞ የሚከላከል መድኃኒት መኖሩ በየቡና ቤቱ ግድግዳ ላይ ይጻፍ። ለሴቶቹ የሚሰጠው አስቀድሞ መከላከያ ክኒን በእርዳታ መዋዠቅ አይቋረጥ። የአልጋ ክፍል የሚያከራይ ቤት ኮንዶም ያቅርብ፤ እምቢ ያለን ሰካራም የማስወጣት ግዴታም የባለቤቱ ይሁን፤ ሴቶቹም በብርጭቆ ብዛት አይለኩ። ጤና ጣቢያ ስትሄድ የሚያስተናግዳት ሰው «እናንተ እኮ» ብሎ አይጀምር። ደብዳቢዋን ስትከስ ፖሊስ መጀመሪያ ሥራዋን አይጠይቃት።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን በመጀመሪያ ያ ሰው ሲታይ ነው። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። አርባ ዓመት ያህል የደበቅነው ቫይረሱን አይደለም፤ ቫይረሱንማ በሁለት ሴቶች ክንድ ላይ አሳየን። የደበቅነው ሰውየውን ነው። ስለ እርሱ እኔ የሞከርኩት ይህችን ያህል ነው፤

ሲመጣ ደንበኛ፣ ሲሄድ የማይታይ፣
ሂሳብ ዘግቶ ወጣ የሌሊቱ ከፋይ።
አንዷ ተቆጠረች፣ አንዷ ተወቀሰች፣
አንዷ በደጅ ቀረች፣ አንዷ ቤት አለቀሰች።
መዝገቡ ሲገለጥ «ስሙ የታል?» ቢሉ፣
«ባዶ ነው መስመሩ» አሉ ጸሐፍት ሁሉ።

ገጣሚ የሆናችሁ ከዚህ የተሻለውን ጻፉ። ባል የሆናችሁ ሚስታችሁ ለክትትል ስትሄድ አብራችሁ ሂዱ፤ ክንዳችሁንም ዘርጉ። አበል ፈርማችሁ የምትወጡ ደግሞ በዚህ ሳምንት የምትሄዱበት ከተማ ጤና ጣቢያ እንዳለው አትርሱ። ልብ ያለው ልብ ይበል።